ምርምሩ ለማን ይታዘዛል?

ለምዕራብ ዓባያ ወረዳና ለጋሞ ዞን መራጭ ሕዝብ



ስለ መንገድ፣ ስለ መጠጥ ውኃ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ ሙዝ ገበያ ያለንን አቋም በዚህ ጽሑፍ በሌሎቹ ክፍሎች አስፍረናል። ይህ ክፍል በምርጫ ቅስቀሳ ብዙ የማይነሳ ጉዳይ ያነሳል። በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ስም በተገኘ ብድር የሚተዳደሩ የምርምር ተቋማት ለማን ተጠያቂ ናቸው? ሥራቸው ሲሰምርም ሆነ ሲከሽፍ ማን ይጠይቃቸዋል? መልሱንስ ማን ይሰማል?

ጉዳዩ የምሁራን ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ በዓባያ ዳር ያለውን ገበሬ ይጠይቅ። በሬው በገንዲ የተያዘበት ገበሬ ምርምር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከብቱ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርስ ነበር። በሬው ሲሞት የሁለት ቤት መሬት ጦሙን ያድራል። ለገንዲ መድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ከልጅ ደብተርና ከቤት ቀለብ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ በሽታውን አጠፋለሁ ብሎ የተነሳ መንግሥታዊ ተቋም ምን እንደሠራ መጠየቅ የገበሬው መብት ነው።

የተገባው ቃል

ታሪኩን ከመነሻው እናስታውስ። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫው ቪየና ከሆነው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በመተባበር በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብን ለማጥፋት አንድ ፕሮጀክት ጀመረ። የታሰበው ስፋት 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ የዓባያንና የጫሞን ዙሪያ፣ የእኛንም ወረዳ የሚነካ ነው። ዘዴው ወንዱን ዝንብ በብዛት ማርባት፣ በጨረር ማምከን፣ ከዚያም ከአየር ላይ መልቀቅ ነው። ሴቷ የቆላ ዝንብ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጠቃ፣ ከመከነ ወንድ ጋር ከተገናኘች አትወልድም። ስትወልድም እንደ ሌላው ዝንብ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል አትጥልም፤ በዘጠኝ ወይም በአሥር ቀን አንድ ትል ብቻ ትወልዳለች። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ዘዴው የሚያስኬድ ነው።

በተግባርም በአንድ ቦታ ሠርቷል። በዛንዚባር ዑንጉጃ ደሴት የቆላ ዝንብ መጥፋቱ ታውጇል። ሆኖም ዑንጉጃ በባሕር የተከበበች፣ ስፋቷም ከ1,700 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ደሴት ናት። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ባሕር አይከበውም። ዝንቡ ከኦሞ ተፋሰስ ይመጣል፣ በነጭ ሳር ፓርክ የዱር እንስሳት ላይ ይኖራል፣ በወንዝ ዳር ጥሻ ይሻገራል። በደሴት የሠራ ነገር በሸለቆ ይሠራል ወይ ብሎ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ የሚገባው ማን ነበር? በዲሞክራሲ ሥርዓት ይህን የሚጠይቀው ምክር ቤት ነው።

ሥራው ቀጠለ። በ1992 ዓ.ም. በሎሜ የተሰበሰቡ የአፍሪካ መሪዎች ዝንቡን ከአህጉሩ ለማጥፋት ወሰኑ። በ1997 ዓ.ም. የአፍሪካ ልማት ባንክ ለዚሁ ዓላማ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለስድስት አገሮች ገንዘብ ፈቀደ። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቃሊቲ የዝንብ ማርቢያ ማዕከል ተመረቀ። በኋላም በደሜ ሸለቆ የመከኑ ዝንቦች ከአውሮፕላን ተለቀቁ። ፕሮጀክቱ አድጎ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት እስከመሆን ደረሰ። ቪየናም የዝንቡ ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን የሚገልጹ ዜናዎች አወጣች።

ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር አንልም። በሰማያዊና በጥቁር ጨርቅ የተሠሩት ወጥመዶች፣ በከብት ጀርባ ላይ የሚፈሰው ፀረ ዝንብ መድኃኒትና ለገበሬው የተሰጠው ትምህርት በብዙ ቦታ ጥቅም ሰጥተዋል። በበረሃና በጥሻ ውስጥ ወጥመድ ሲተክሉና ሲቆጥሩ የዋሉት ቴክኒሻኖች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የተገባው ቃል መቀነስ አልነበረም፤ ማጥፋት ነበር። ፕሮጀክቱ ከተጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። የቆላ ዝንብ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ አልጠፋም። «ማጥፋት» የሚለው ቃል በሥራ ላይ ወደ «መቆጣጠር» የተለወጠው መቼ ነው? በማን ውሳኔ? በየትኛው ጉባዔ ተመክሮበት?

መልስ ወዴት ሄደ?

ተቋሙ ሪፖርት አልጻፈም ማለታችን አይደለም። በብዛት ጽፏል። ለቪየና የቴክኒክ ሪፖርት ጽፏል፤ ምክንያቱም መሣሪያውንና ባለሙያውን የሚልከው ቪየና ነው። ለልማት ባንኩ የገንዘብና የአፈጻጸም ሪፖርት ጽፏል፤ ምክንያቱም ባንኩ ቀጣዩን ክፍያ የሚለቀው ሪፖርቱን አይቶ ነው። ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱም አቅርቧል። ቪየና ስትጠይቅ መልስ ይሰጣል፣ ባንክ ሲጠይቅ መልስ ይሰጣል። ብርብር ላይ የተቀመጠው የወረዳ ምክር ቤት ሲጠይቅ መልስ የመስጠት ግዴታ የሚጥል ሕግ ግን የለም።

ክፍተቱ ያለው በመዋቅሩ ነው። ተቋሙ ፌዴራል ስለሆነ የክልሉ ምክር ቤት ጠርቶ ሊመረምረው ሥልጣን የለኝም ይላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ሥልጣኑ እያለው ተቋሙን የሚያየው በሚኒስቴሩ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ነው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ መስኖ፣ ስለ ወጪ ንግድ በሚቀርበው ረጅም ሪፖርት ውስጥ የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ዝንብ አንድ አንቀጽ ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ መሐል ተጠያቂነት በሁለት ወንበር መካከል ይወድቃል፤ ከብቱ የሚሞትበት ገበሬም የሚያመለክትበት ደጅ ያጣል።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ፕሮጀክቱ ሲጀመር ከአርባ ምንጭ አካባቢ የተሰበሰቡ ዝንቦች በቪየና አቅራቢያ በሚገኘው የዘይበርስዶርፍ ላቦራቶሪ እንዲራቡ ተደርጎ ነበር። መንጋው የምራቅ ዕጢን በሚያሳብጥ ቫይረስ ተጠቃ፤ በ1994 ዓ.ም. ገደማም ጨርሶ አለቀ። ይህ ቀላል እንቅፋት አይደለም፤ ዝንብ በሚሊዮን አርብቶ መልቀቅ ለሚለው ዕቅድ ሁሉ መሠረቱን የሚነካ ነው። ተመራማሪዎቹ ችግሩን አልደበቁም። በሳይንስ መጽሔቶች ጻፉት፣ መፍትሔም ፈለጉለት። የሳይንሱ ዓለም ዐወቀው። የእኛ ምክር ቤትስ? የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ጠርቶ «ይህ ከሆነ ዕቅዱ በስንት ዓመት ይዘገያል? ገንዘቡስ ይበቃል ወይ?» ብሎ ጠየቀ?

ጠያቂ የጠፋበት ምክር ቤት

ሕጉ አልጎደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 101 ዋናውን ኦዲተር ያቋቁማል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይናገራል።

የጎደለው ጠያቂ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም ጠቀለሉ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። ጠያቂውም ተጠያቂውም የአንድ ፓርቲ አባል፣ የአንድ ግምገማ ታዳሚ ከሆኑ ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት መልሱ ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ የምክር ቤት አባል ለአቶ ክርስቲያን ታደለ ሲሰጥ ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር። ሰብሳቢው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ታሰሩ። ዋናው ኦዲተርም በየዓመቱ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ያለፈው ዓመት ግኝት አለመታረሙን ደግሞ ያመለክታል። ኦዲት ተደርጎ ካልታረመ፣ ሐኪም በሽታውን ነግሮ መድኃኒት እንደ መከልከል ነው።

ካልተጠየቀ ምን ይሆናል? የጤፍ ትምህርት

የምርምር ተቋም ያለ ምክር ቤት ቁጥጥር ሲሠራ የሚደርሰውን ጉዳት አገራችን በጤፍ አይታለች። በ1997 ዓ.ም. የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ፈረሙ። ኩባንያው 12 የጤፍ ዝርያዎችን እንዲጠቀም ተፈቀደለት፤ በምላሹም ከትርፉ ሊያካፍል ቃል ገባ። ስለ ጀነቲክ ሀብት አጠቃቀምና ስለ ጥቅም ተካፋይነት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው ግን በ1998 ዓ.ም. ነው። ውሉ ቀደመ፣ ሕጉ ተከተለ።

ኩባንያው ውሉን ከመፈረሙ በፊት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት ሰጠው። በ2001 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ፤ የፈጠራ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቀረ። ኢትዮጵያ ከዚህ ውል በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ መሆኑ በጥናት ተመዝግቧል። በሆላንድ የነበረው የፈጠራ መብት የተሰረዘው በኅዳር 2011 ዓ.ም. በዘ ሔግ ፍርድ ቤት ነው፤ ክርክሩም የተነሳው በሁለት የውጭ ኩባንያዎች ጠብ እንጂ በእኛ መንግሥት ክስ አይደለም።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ቋሚ ኮሚቴ ተሰብስቦ «ይህ ኩባንያ በጤፍ ላይ ያቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ አለ ወይ? ቢከስርስ መብቱ ወደ ማን ይሄዳል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። እነዚህን ለመጠየቅ የሳይንስ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። በግ ሲገዛ ጥርሱን የሚያይ ገበሬ ሁሉ ይጠይቃቸዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ባለቤቱ ሕዝብ፣ አጥሩም ምክር ቤቱ ነው። እኛም የተናቅነው አጥራችን ልል ስለሆነ ነው።

«ምርምር ፖለቲካ አይደለም» ለሚሉን

ገዥው ፓርቲ የሚሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። አንደኛ፣ «የምክር ቤት አባል ሳይንቲስት አይደለም፤ ስለ ጨረርና ስለ ዝንብ ምን ያውቃል?» ይላል። የምክር ቤት አባል የጨረሩን መጠን ይወስን አላልንም። ምን ቃል ተገባ? ስንት ወጣ? ምን ተገኘ? ካልተገኘስ ለምን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይጠይቅ አልን። በአሜሪካ ኮንግረስ ሥር ያለው የሒሳብና የክንውን ምርመራ መሥሪያ ቤት ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምርምር ድርጅቶችን ጨምሮ የመንግሥት ተቋማትን ይመረምራል። በእንግሊዝ ፓርላማም የሳይንስ ጉዳዮችን የሚከታተል ኮሚቴ ተመራማሪዎችን ጠርቶ በአደባባይ ያነጋግራል። ይህ የእነዚያን አገሮች ሳይንስ አልገደለውም።

ሁለተኛ፣ «ምርምር ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ ከጠየቃችሁት ተመራማሪው ይፈራል» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ያልተሳካ ምርምር በሐቅ ከተነገረ ዕውቀት ነው፤ ሌላው በዚያው መንገድ ገንዘቡን እንዳያባክን ያደርጋል። የሚጎዳው ያልተሳካውን «ተሳካ» ብሎ ማቅረብ ነው። ተመራማሪን የሚያስፈራው በአደባባይ መጠየቅ አይደለም። በጓዳ ግምገማ «አሉታዊ ሪፖርት ጻፈ» ተብሎ መፈረጅ ነው። ግልጽ ጉባዔ ላይ ቃሉን የሰጠ ባለሙያ ምስክሩ ሕዝብ ነው፤ በጓዳ የተገመገመ ግን ጠባቂ የለውም።

ሦስተኛ፣ «የውጭ ድርጅቶች ይቆጣጠሩታል፤ ያ ይበቃል» ይላል። የውጭ ቁጥጥር ጥሩ ነው፤ እንዲቀጥልም እንፈልጋለን። ነገር ግን አበዳሪ የሚቆጣጠረው ብድሩን ነው፤ የቴክኒክ ድርጅትም የሚከታተለው ቴክኒኩን ነው። ዝንቡ በወጥመድ ውስጥ ስንት ሆነ ብለው ይቆጥራሉ። በዋጅፎ ስንት በሬ ዳነ፣ ገበሬው ለመድኃኒት የሚያወጣው ቀነሰ ወይ፣ መድኃኒቱስ አሁንም ይሠራል ወይስ በሽታው ተላመደው ብሎ የሚጠይቀው ሕዝብና የሕዝብ ተወካይ ነው። በጊቤ ሸለቆ የገንዲ ተውሳክ መድኃኒቶችን መላመዱ በጥናት ከተረጋገጠ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ብድር ያለበት ፕሮጀክት ሲያልቅ ባለሙያው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ዕዳውና ዝንቡ ግን ከእኛ ጋር ይቀራሉ።

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

ስለዚህ ድምፃችሁን ብትሰጡን የሚከተሉትን በሕግ እናስወስናለን።

1. በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም የፌዴራል ወይም የክልል የምርምር ተቋም ዕቅዱንና የሥራ ውጤቱን በዓመት አንድ ጊዜ ለወረዳው ምክር ቤት በአካል ቀርቦ ያስረዳል። ማብራሪያው በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ በጋሞኛ። ጉባዔው ለሕዝብ ክፍት ይሆናል።

2. ከአንድ ክልል በላይ የሚሸፍኑ የምርምር ፕሮጀክቶች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና በሚመለከታቸው የክልል ምክር ቤቶች በጋራ የሚመረመሩበት ሥርዓት ይዘረጋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት «ፌዴራል ስለሆነ አያገባኝም» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

3. የአበዳሪዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች የግምገማ ሪፖርቶች መንግሥት በደረሱት በ30 ቀን ውስጥ ለምክር ቤት ይቀርባሉ፤ ለሕዝብም ይፋ ይሆናሉ።

4. የአገሪቱን ዘርና ጀነቲክ ሀብት የሚመለከት ውል ምክር ቤቱ ሳይመረምረው አይፈረምም።

5. በየአምስት ዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእያንዳንዱ የምርምር ተቋም ላይ የክዋኔ ኦዲት ይደረጋል። ተቋሙ በ6 ወር ውስጥ ምን እንዳረመ በጽሑፍ ካላቀረበ ኃላፊው ራሱ ቀርቦ ይጠየቃል።

6. የፕሮጀክት ዓላማ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ «ማጥፋት» ወደ «መቆጣጠር» ሲወርድ፣ ለውጡ ከነምክንያቱ ለምክር ቤት ይገለጻል።

7. ያልተሳካ ውጤት በሐቅ የዘገበ ተመራማሪ በሕግ ይጠበቃል። የምርምር ተቋም ኃላፊ በችሎታው እንጂ በፓርቲ አባልነቱ አይሾምም። ሚኒስትርም ሆነ የምክር ቤት አባል የምርምር ውጤት እንዲለወጥ ማዘዝ አይችልም።

8. የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ምንጊዜም ሥልጣን ላይ ላልሆነ ፓርቲ ይሰጣል። ይህ ግዴታ እኛ ሥልጣን ላይ ስንሆን በእኛው ላይ ይሠራል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም፣ አዲስ ሕንፃ መሥራት፣ አዲስ መኪና መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ አንድ ሪፖርትና ለመጠየቅ የማይፈራ ተወካይ ነው። አዳራሹ ብርብር ላይ አለ። ሪፖርቱም በሌላ ቋንቋ ለሌላ አገር ሲጻፍ ኖሯል። ተወካዩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

ውድ የምዕራብ ዓባያ መራጮች፣

እስካሁን የመረጣችኋቸው ሰዎች ወደ አዲስ አበባ ሄደው ስለ እናንተ ምን ጠየቁ? ስለ ገንዲ፣ ስለ ዝንቡ፣ ስለ ወጣው ገንዘብ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባዔ ላይ የተመዘገበ አንድ ጥያቄ ካላቸው ይዘው ይምጡና ያሳዩአችሁ። ካላቸው ስሙአቸው፤ ከሌላቸው ግን ለአምስት ዓመት ዝምታ ሌላ አምስት ዓመት አትጨምሩ። የእኛም ዕጩ በተራው በዚሁ ሚዛን ይመዘን፤ ካልጠየቀ አውርዱት።

በሬው የእናንተ ነው። ብድሩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። መልሱም ለእናንተ ይገባል።